የእንግሊዝኛ መምህርና አዲሱ የዝግጅት ረዳት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ መሣሪያ ለእንግሊዝኛ መምህር በትምህርት ዝግጅት ረገድ ስለሚሰጠው እርዳታ ይናገራል። ነገሩ ለጆሮ ረቂቅ ቢመስልም የሚነካው እጅግ የታወቀ የዕለት ድካም ነው፤ ይኸውም ከራት በኋላ መጽሐፉንና ደብተሩን ዘርግቶ ለነገ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ምንባብ የሚፈልገው፣ ጥያቄ የሚያወጣው፣ መልመጃ የሚያሰናዳው፣ ከዚያም የትናንቱን ጽሑፍ አርሞ ሳይጨርስ እንቅልፍ የሚያሸንፈው መምህር ድካም ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር የተሸከመው ኃላፊነት ከባልደረቦቹ ኃላፊነት ሰፋ ያለ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በዘመናዊው ትምህርት ላይ የሠለጠነው የፈረንሳይ ቋንቋ ሲሆን፣ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ተረከበ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዶ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ትምህርቱ ሁሉ የሚሰጥበት ልሳን እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ ከእንግሊዝኛው ጋር ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም ያጣል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ ብዙ ወላጅ አዝኗል፤ የዚያ ውድቀት ምክንያት ብዙና የተወሳሰበ ቢሆንም፣ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ የማይረዳ ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቀው እንኳ ትክክለኛውን መልስ ለይቶ ሊያወጣ እንደማይችል ማንም አይስተውም።

መሣሪያ ወደ ክፍላችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ይህ የምትሰሙት ሬዲዮ ራሱ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤቶቻችን ባልንጀራ ሆኖ ኖሯል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ እየተባለ የተጠራው ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቶ በሳተላይት ትምህርት ያስተላልፍ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች እንደሚያስታውሱት፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው መምህር አነጋገሩ የጠራ፣ ሥዕሉም ያማረ ነበር፤ ነገር ግን የሚናገረውን የሰማውንና ያልሰማውን መለየት፣ ቆም ብሎ መጠበቅ፣ ያለፈውን መልሶ ማስረዳት አይችልም ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ለቆመውና ልጆቹን በስም ለሚያውቀው መምህር የተተወለት በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረ። እኔ እንደማስበው የፕላዝማው ትልቅ ጉድለት የሥዕሉ ወይም የትምህርቱ ይዘት ጉድለት ሳይሆን፣ ተማሪዎቹን የሚያውቀው ሰው ወደ ዳር መገፋቱ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት መሣሪያ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ከተፈለገ በክፍሉ በር ሳይሆን በመምህሩ የዝግጅት ጠረጴዛ በኩል መግባት ይገባዋል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ፣ የጉግል ድርጅት ጀሚናይና ሌሎችም መሰሎቻቸው ተከትለው መጥተዋል፤ ብዙዎቹም በእጅ ስልክ ላይ ያለ ክፍያ በተወሰነ መጠን ይሠራሉ። የሁሉም የአሠራር መሠረት አንድ ነው። ወሰን የሌለው የሚመስል የጽሑፍ ክምችት ተመግበው ከየትኛው ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚገባው ስለ ተማሩ፣ ለተጠየቁት ነገር መልሱን በቃል ላይ ቃል እያስከተሉ ያቀናብራሉ። የተመገቡት ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ በመሆኑ ከቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ በእንግሊዝኛ ርቱዓን ናቸው፤ ይህም ለእንግሊዝኛ መምህር ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን አንደበተ ርቱዕነትና እውነተኛነት ሁለት የተለያዩ ጸጋዎች መሆናቸውን ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምረው ሲያስተምሩን ኖረዋል፤ ይህም መሣሪያ ሐሰቱን ከእውነቱ ባላነሰ ልስላሴ እንደሚናገር ከመነሻው ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል መምህር የኃላፊ ጊዜን አነጋገር ለማስተማር አስቦ፣ ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆን ምንባብ ጻፍልኝ ብሎ ብቻ ቢያዝዝ፣ የሚመጣለት ምናልባት በባቡር ተሳፍሮ ወደ ባሕር ዳርቻ ስለ ሄደ ልጅ ወይም በበረዶ ላይ ስለሚጫወቱ ወንድማማቾች የሚተርክ ታሪክ ነው። ሰዋስው አይጐድለውም፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ወይም ጎዴ ያለ ተማሪ ያንን ሲያነብ የማያውቀውን ቃልና የማያውቀውን ዓለም በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ይገደዳል። ደግሞም ዘጠነኛ ክፍል የሚለውን አነጋገር መሣሪያው በአብዛኛው የሚተረጕመው እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር በጠባው በአሜሪካዊው ልጅ ልክ ነው። ስለዚህ የክፍሉን ቍጥር ከመናገር ይልቅ፣ የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣውን፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 የሚደርሰውን ባለ ስድስት እርከን የቋንቋ ችሎታ መለኪያ መጥቀስ ይሻላል፤ ተማሪዎቼ በኤ2 እርከን ላይ ናቸው ብሎ የነገረው መምህር እጅግ የቀረበ መልስ ያገኛል። ከዚያም በላይ ተማሪዎቹ ስንት እንደ ሆኑ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምን እንደ ሆነ፣ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ፣ ማባዣ መኪና እንደሌለና ያለው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ እንደ ሆነ መንገር ይገባል፤ ይህን የሰማው መሣሪያ በሰሌዳ ላይ ሊጻፍ የሚችል አጭር ምንባብና ስድሳ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩትን መልመጃ ያሰናዳል።

ስለ አበበ ቢቂላ የሚናገር ምንባብ ይሁን እንበል። ይህን የመረጥሁት ለኃላፊ ጊዜ አነጋገር የተመቸ ከመሆኑም በላይ፣ ልጆቹ ታሪኩን በአማርኛ ወይም በሌላው የአገራችን ቋንቋ አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ የማያውቁት ቃል ቢገጥማቸው እንኳ ታሪኩ ራሱ ፍቺውን ስለሚመራቸው ነው። መሣሪያው ምንባቡን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያቀርባል፤ የመምህሩ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አበበ በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በቶኪዮ ያሸነፈው ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ነበረ። መሣሪያው የሮሙን ባዶ እግር ወደ ቶኪዮ ቢያሻግር፣ የአንዱን ውድድር ሰዓት ለሌላው ቢሰጥ፣ ወይም ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ቢያደበላልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያው ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ጥርጣሬ የሚያሳድር ምልክት አይታይበትም። ስለዚህ ስም፣ ዓመትና ቍጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ መምህሩ ከሚያምነው መጽሐፍ ጋር ሳያመሳክር ወደ ሰሌዳው አያውጣ። የአቆጣጠሩ ልዩነት ራሱ ደግሞ መልካም የንግግር ጥያቄ ይወጣዋል፤ የሮሙ ድል በ1960 ነው የሚሉ የውጭ መጻሕፍትና በ1952 ነው የምንል እኛ ሁለታችንም እንዴት እውነተኞች ልንሆን እንደምንችል አንዱ ተማሪ ለሌላው በእንግሊዝኛ ያስረዳ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከመምህሩ ይመነጫል፤ ሳይነገረው ያሰበው መሣሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ቃላቱም ክብደት ጥቂት መናገር ይገባል። ማይክል ዌስት የሚባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በቤንጋል አገር ለሚገኙ ልጆች እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ፣ ልጆቹን የሚያደናቅፋቸው የሰዋስው ክብደት ሳይሆን የማይታወቁ ቃላት ብዛት መሆኑን ተመልክተው፣ ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ሺህ ያህል ዋና ዋና የእንግሊዝኛ ቃላት የያዘ ዝርዝር አሳተሙ። ዛሬ መምህሩ ለመሣሪያው በእነዚህ የተለመዱ ቃላት ብቻ ጻፍ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ መሣሪያው ይታዘዛል፤ ሆኖም ትእዛዙን እየረሳ ከባድ ቃል ያስገባል፤ መቶ ሃምሳ ቃል ጻፍ ሲባልም ሁለት መቶ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። መምህሩ እርሳስ ይዞ ክፍሉ ገና ያልተማራቸውን ቃላት ያስምርባቸው፤ አምስት ወይም ስድስት የሆኑትን አዲስ ቃል አድርጎ ያስተምራቸው፤ የቀሩትን በቀላል ቃል ይለውጣቸው ወይም ለመሣሪያው መልሶ እንዲለውጣቸው ይዘዘው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኛ አገር መምህር ሊሠራበት የሚገባው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ፐ የምትባለው ፊደል በባዕዳን ቃላት እንጂ በገዛ ቃሎቻችን የማትገኝ ስለ ሆነች፣ ፖሊስን ቦሊስ፣ ፖስታን ቦስታ የሚል አነጋገር ዛሬም ይሰማል፤ እንደዚህ ባለ አካባቢ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ አሳማ ማለት የሆነውን ፒግንና ትልቅ ማለት የሆነውን ቢግን በጆሮው መለየት ይቸግረዋል። አማርኛ አናባቢን በርዝመትና በዕጥረት ስለማይለይም፣ መርከብና በግ ማለት የሆኑት የእንግሊዝኛ ቃላት ለእርሱ አንድ ድምፅ ይሆኑበታል። አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ልጅ ግን ቋንቋው ረጅሙንና አጭሩን አናባቢ ስለሚለይ በዚህ በኩል የተሻለ ጆሮ ይዞ ይመጣል። በአማርኛ የታወቀውን ነገር የምናመለክተው በቃሉ መጨረሻ ላይ በምንጨምረው ፊደል ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ቃል ከፊት ያስቀድማል፤ እኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ስንወስደው እንግሊዝኛ ወደ መካከል ያመጣዋል። መምህሩ ይህን በአጭሩ ገልጾ፣ ተማሪዎቼ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ሆኑ በፒና በቢ የሚለያዩ ሃያ ጥንድ ቃላት ስጠኝ፣ ከዚያም በእነዚህ ቃላት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሥራልኝ ቢለው፣ በቤተ መጻሕፍት አንድ ሙሉ ቀን የሚያስፈልገውን ፍለጋ በጥቂት ደቂቃ ያገኛል። ለመላው ዓለም ተብሎ በአንድነት የታተመ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን እርዳታ ሊሰጥ አይችልም፤ የመሣሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጌ የምገምተው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

በፈተና ዝግጅት ግን ጥንቃቄው መጠንከር አለበት። አማራጭ ያለው ጥያቄ እንዲያወጣ የታዘዘ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ያወጣል፤ ትክክለኛውንም መልስ ከሌሎቹ አስረዝሞ ስለሚጽፈው ብልህ ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ረጅሙን መርጦ ያልፋል፤ የመልስ ቍልፉ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። መምህሩ ቍልፉን ሳያይ ፈተናውን አስቀድሞ ራሱ ይፈተነው፤ የእርሱ መልስና የመሣሪያው ቍልፍ ባልተስማሙበት ስፍራ ሁሉ ጥያቄውን ይጣለው ወይም ይጠግነው።

መምህራን ሆይ፣ በግልጽ መነጋገር የሚገባን አንድ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቻችሁ በእንግሊዝኛ የምትነጋገሩት በክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከክፍል ስትወጡ በዚያ ቋንቋ የሚያወራችሁ ሰው በአካባቢያችሁ የለም፤ ቋንቋ ደግሞ ካልተናገሩት ይዘነጋል። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። አሁን ግን ሌሊትም ቢሆን የማይሰለች፣ ቢሳሳቱበት የማይስቅ አነጋጋሪ ተገኝቷል። የነገውን ትምህርት ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጻፉና ሰዋስውን እንዲያርምላችሁ፣ እያንዳንዱንም እርማት በምን ምክንያት እንዳደረገው እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ በድምፅ የሚናገረውን ዓይነት ካገኛችሁም ጥያቄ እየጠየቃችሁ አዋሩት። በዚህ ረገድ ለመምህሩ የሚሰጠው ጥቅም ለተማሪው ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ፤ መምህሩ ያጠራው አንደበት በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎች ይተላለፋልና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የዝግጅት ጊዜ ከተቈጠበ በኋላ፣ የተቈጠበው ጊዜ ለምን ይውላል? አገራችን ለዚህ ጥያቄ የምትመልሰው ከጥንት ጀምሮ ያላት ትምህርት አለ። ግእዝ ለብዙ መቶ ዓመታት የማንም ሕፃን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይሆን፣ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ የቅኔ መምህራን ግን ተማሪው በዚህ ቋንቋ የራሱን ድርሰት እስኪደርስበት ድረስ አስተምረውበታል። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ያሰማዋል፤ መምህሩም ስሕተቱን እዚያው ያርምለታል፤ ነገም አዲስ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። የቋንቋ ትምህርት የሚጸናው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ነገር በራሱ አንደበት ሲያቀርብና የሚሰማው አዋቂ ሲያገኝ ነው። የዛሬው የእንግሊዝኛ መምህር ይህን ሊያደርግ ያልቻለው ስድሳና ሰባ ተማሪ ስላለው፣ ሌሊቱንም ምንባብና ጥያቄ በማዘጋጀት ስለሚጨርሰው ነው። መሣሪያው ረቂቁን ከተሸከመለት፣ በሳምንት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ልጆችን ተራ በተራ እየጠራ፣ ልጁ ስለ ቤተሰቡ ወይም ስለ መንደሩ በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ፊት ለፊት አስነብቦ ሊያርምለት ይችላል። ጽሑፉ በክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ዓይን ሥር የተጻፈ ይሁን፤ ለቤት ሥራ የተሰጠ ድርሰት ዛሬ የልጁ መሆኑንና የመሣሪያው መሆኑን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኗልና።

ስለ ወጪና ስለ መብራት የሚያስቡ አድማጮች እንዳሉ አውቃለሁ። መብራት በሚቋረጥበት፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ሥፍራ በየዕለቱ መሣሪያውን መጠየቅ አይቻልም፤ የሚሻለው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ የኢንተርኔት ጥቅል በቴሌብር ገዝቶ የሳምንቱን ትምህርት በአንድነት ማሰናዳት፣ የተገኘውንም በእጅ ወደ ዝግጅት ደብተር መገልበጥ ነው፤ ሲገለብጡ ማረም ደግሞ ከስልክ ላይ ከማረም ይልቅ ስሕተትን ያጋልጣል። አራት ወይም አምስት መምህራን በአንድ ትምህርት ቤት ቢስማሙ፣ አንዱ የሰባተኛውን ሌላው የስምንተኛውን ክፍል ምንባብ አዘጋጅተውና አርመው በቴሌግራም ሊለዋወጡት ይችላሉ። የተማሪን ስም፣ ውጤትና የቤተሰብ ጉዳይ ግን ወደ መሣሪያው አታስገቡ፤ የጻፋችሁት የት እንደሚከማችና ማን እንደሚያየው በእጃችሁ አይደለምና። አንድ ተማሪ የሠራውን ስሕተት ለማስተማሪያ ብትፈልጉት ስሙን አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ስጡት።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ለመምህራን የምንሰጠው ሥራ ይህ ነው። የክፍላችሁን ሁኔታ በስድስት ወይም በሰባት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ የተማሪዎቹን ቍጥር፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን፣ የደረሱበትን የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ፣ የክፍለ ጊዜውን ርዝመት፣ በክፍሉ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ዕቃ፣ ባለፈው ፈተና ብዙዎች የተሳሳቱበትን ነገር ሳታስቀሩ። ይህን ጽሑፍ ለመሣሪያው ሰጥታችሁ አንድ ምንባብ አስጽፉ፤ ከዚያም ያለዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንባብ አስጽፉና ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጋችሁ አንብቧቸው። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በዚሁ መሣሪያ የመስማት ልምምድ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንነጋገራለን።